የጓንጉ አጋዘን ምስክር

ሱዳን፣ ዶካ ውስጥ ከሰሊጥ መጋዘኑ ጀርባ ባለችው የባንታምላክ ብርሁ ጎጆ ገብቶ ቀንዶቹን በእጁ ሳይዳስስ የወጣ ሠራተኛ ያለ አይመስልም። ከበሩ ትይዩ በሽቦ ታስረው የተሰቀሉ ሁለት የአጋዘን ቀንዶች ናቸው፤ ተጠማዘው ተጠማዘው ጫፋቸው ጣሪያውን ሊነካ ምንም አልቀረው። ባለቤታቸው ስልሳ ስድስት ዓመት የሞላው የመጋዘኑ ዘበኛ ነው፤ ሱዳኖቹ «ገፊር» ይሉታል። ከአንድ አልጋ፣ ከአንድ ባልዲና ለበዓል ብቻ ከምትለበስ ነጭ ጀላቢያ በቀር ይህ ነው የሚባል ንብረት የለውም። አንዴ አግብቶ ተፋቷል፤ ልጅ አልወለደም። ቀንዶቹን ግን አቧራ አስነክቷቸው አያውቅም። በየእሑዱ በሰሊጥ ዘይት ይወለውላቸዋል። ሲወለውላቸው ያየ ሁሉ፣ ሰውዬው ራሱን እንዲህ ቢንከባከብ ኖሮ ገና ጎረምሳ በሆነ ነበር እያለ ይስቃል።

አጨዳ ሲደርስ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ የሚመጡት ሠራተኞች ከሥራ መልስ እሱ ጎጆ ፊት ባለችው የሣር ዳስ፣ ራኩባዋ ጥላ ሥር ይሰበሰባሉ። ባንታምላክ የሚነግሠው ያን ጊዜ ነው። አዲስ ሰው ካየ ጠጋ ይልና፣ «አንተ፣ አደንን የሚያስፎክረው ምኑ ይመስልሃል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰውዬው ምንም ይመልስ ምን ተሳስቷል። የአውሬው ትልቅነት ቢል ተሳስቷል፤ ቀንዱ ቢልም ተሳስቷል።

«ቀንድማ ገበያም ይገዛል» ይላል ባንታምላክ። «የሚያስፎክረው ልፋቱ ነው። ጠዋት ወጥተህ ለምሳ የገደልኸው አጋዘን ከበግ በምን ይሻላል? እኔ ሦስት ቀን ነው የተከተልሁት። ያለኝ አንድ ጥይት ነው። ውሃ እንደሁ፣ እንኳን ልጠጣ ከንፈሬንም አላረጠብሁ።»

ከዚያ ይነሣና ዱላውን እንደ ጠመንጃ ከፍ አድርጎ ይፎክራል፤

ዘራፍ የብርሁ ልጅ!
ሦስት ፀሐይ ሙሉ፣ ዱካ ተከትዬ፣
ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ፣ ጥሙን ችዬ ችዬ፣
ባለ ጥምዝ ቀንዱን፣ የጓንጉን ጌታ፣
ባንድ ጥይት ጣልሁት፣ ብቅ ሲል ላንዳፍታ።

«ጠብታ ውሃ ሳልቀምስ» የምትለው ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ሠራተኞቹም ከሁሉ የሚወዱት እሷን ነው፤ ቀኑን ሙሉ በዚያ ሐሩር ሲያጭዱ ስለሚውሉ ጥም ምን እንደሆነ የሚነግራቸው አያስፈልጋቸውም።

የሠራተኞቹ አለቃ ዘመኑ ይባላል፤ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። ስምንት ዓመት ሙሉ ይህን ፉከራ ሰምቷል። አንድ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ክፋት ሳያስብ፣ «አያ ባንታ፣ ለመሆኑ ምስክርዎ ማን ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

ባንታምላክ ዱላውን አስቀመጠና፣ «ምስክርማ ነበረኝ። ምላሱን ውሻ በላው መሰለኝ» አለ። ሰው ሳቀ፤ እሱ ግን ጎጆው ገብቶ በሩን ዘጋ።

ዘመኑ የጠየቀው ተራ ጥያቄ አልነበረም። በእነሱ አገር ሁለት ሰው ለአደን ወጥቶ አውሬ ሲጥል ገዳዩ ቀንዱን ይወስዳል፤ አብሮት የወጣው ጭራውን ይወስዳል። ጭራው የምስክር ነው። ገዳዩ በሕዝብ ፊት ሲፎክር ጭራ ያዡ በቀኙ ይቆማል፤ ፉከራው ሲያልቅ ጭራውን ከፍ አድርጎ «እውነት ነው» ይላል። ያን ጊዜ የገዳዩ እናት ቅቤ ታመጣና ልጇን ትቀባዋለች። ምስክሩ ዝም ካለ ግን፣ ቀንዱ ዝሆን ቢያህልም የሞተ አውሬ ላይ እንደ ተለቀመ ይቆጠራል።

የባንታምላክ ምስክር ክንፈ ነበር፤ አብሮ አደጉ፣ የጎረቤት ልጅ። ያኔ ሁለቱም ሃያ ዓመታቸው ነበር። የባንታምላክን አባት ውጅግራ ተውሰው፣ አንድ ኮዳ ውሃ ይዘው፣ ከጓንግ ወንዝ ወጥተው ወደ ደረቁ ጫካ ገቡ። ጠመንጃውን ባንታምላክ፣ ኮዳውን ክንፈ ያዘ። በሦስተኛው ቀን አጋዘኑ ወደቀ። ሥጋውን አገር በላው፤ የቀረው ፉከራው ብቻ ነበር። እሱንም ለጥር ማርያም ንግሥ አቆዩት።

የንግሡ ዕለት ታቦቱ ከመግባቱ በፊት፣ አገር በሞላበት ሜዳ፣ ባንታምላክ ቀንዶቹን ተሸክሞ ወጣና ፎከረ። ክንፈ ጭራውን ይዞ በቀኙ ቆሟል። እናትዬዋ ቅቤውን በቅል አድርጋ ትጠብቃለች። ፉከራው አለቀ። ባንታምላክ ወደ ቀኙ ዞረ። ክንፈ ወደ ታቦቱ አየ፣ ወደ መሬት አየ፣ ጭራውን ግን አላነሣም። ሰው ጠበቀ። ባንታምላክ፣ «በል እንጂ» አለው በሹክሹክታ። ክንፈ አፉን ከፈተ፤ መልሶ ገጠመው፤ ከሰው መሐል ሾልኮ ሄደ።

አንዱ ከኋላ፣ «ከጅብ ተሻምቶት ይሆናል» አለ፤ ሜዳው በሳቅ አወካ። አባትዬው ፊቱን አዞረ። ከዚያ ሁሉ ባንታምላክ ያልረሳው ግን የእናቱን እጅ ነው። ቅቤውን በሁለት ጣቷ ቆንጥራ ይዛ ነበር፤ እጇን ወደ እሱ ዘርግታ ከቆየች በኋላ ቅቤውን ወደ ቅሉ መለሰችው። በሳምንቱ ቀንዶቹን በጆንያ ጠቅልሎ ድንበር ተሻገረ። እናቱ ስትሞት መርዶው የደረሰው በሁለት ዓመቱ ነው።

እንግዲህ ሰው በቅናት ይህን ያህል ሊከፋ ይችላል ብሎ አርባ ስድስት ዓመት ኖረ። ክንፈም በኋላ፣ አገር ሲታወክ፣ ተሰዶ ሾዋክ መግባቱን ባንታምላክ ከሰማ ዐሥር ዓመት አልፎታል። ሾዋክ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት ዶካ አውቶቡስ የያዘ በገዳሪፍ በኩል አድርጎ ከሰዓት ይደርሳል። «የበደለኝ እሱ ነው፤ ይምጣ» አለ ባንታምላክ። ክንፈም አልመጣም።

የሱዳኑ ጦርነት ከተጀመረ በሁለተኛው አጨዳ፣ ጥቅምት ውስጥ አንድ ረቡዕ፣ የሎሪ ሾፌሩ እስማኤል መጋዘኑ በር ላይ ቆሞ ጠራው። እስማኤል አባቱም እናቱም የመተማ ሰዎች ናቸው፤ እሱ ግን ገዳሪፍ ተወልዶ ያደገ ነው።

«ያ ዐም ባንታ፣ ሾዋክ አያ ክንፈ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ፤ አመማቸው። 'ባንታምላክ ከነቀንዱ ይምጣ፤ ያችን ቃል ልስጠው' በልልኝ አሉኝ። ያች ቃል ማለት ምንድን ናት?»

ባንታምላክ የመጋዘኑን ቁልፍ ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። «በጣም አሞታል?» አለ።

«አላህ ያውቃል። ይተኛሉ። ትንሽ ትንሽ ያወራሉ።»

«እሑድ እመጣለሁ በለው።»

«ነገ ጠዋት እመለሳለሁ እኮ። ከኔ ጋር ይሂዱ።»

«እሑድ» አለ ባንታምላክ።

ለምን እሑድ እንዳለ ለዘመኑ ብቻ ነው የነገረው። ቃሉን ብቻውን ሄዶ፣ ከአንድ ሕመምተኛ አልጋ ሥር ተንበርክኮ ሊቀበል አልፈለገም። ሕዝብ ፊት ነው የተዋረደው፤ የሰማ ሰው ይዞ መመለስ አለበት። ዘመኑ ደግሞ ሰሊጡ ደርቆ ሊረግፍ ነውና ከእሑድ በፊት ከእርሻ መውጣት አይችልም።

«አያ ባንታ፣ የታመመ ሰው አይቀጠርም። ብቻዎን ይሂዱ» አለ ዘመኑ።

«አርባ ስድስት ዓመት የጠበቅሁትን አራት ቀን ብጠብቅ ምን እሆናለሁ? አንተ ነህ ምስክርህ ማን ነው ያልኸኝ። አንተው መጥተህ ስማ።»

በአራቱ ቀን ጀላቢያውን አጠበ፤ ጢሙን ተላጨ። ቀንዶቹን ሁለት ጊዜ ወለወለ። ሐሙስ ከሰዓት ዱላውን ይዞ ብቻውን ከጎጆው ጀርባ ሲፎክር የሰሙት አሉ። ወደ ቀኙ እየዞረም ይለማመድ ነበር አሉ። ሰው በዚህ ዕድሜው እንደ ሙሽራ ሲሆን ያስቃል፤ ያሳዝናልም።

እሑድ በማለዳ ቀንዶቹን በጆንያ ጠቅልሎ ከዘመኑ ጋር ተሳፈረ። ገዳሪፍ መግቢያ ላይ ያለው ወታደር ጆንያውን አስፈትቶ ቀንዶቹን ሲያይ ወደ ኋላ አለ። ባንታምላክ በዐረብኛ አስረዳው፤ ወታደሩም ቀንዱን ዳስሶ፣ ስንት ሜትር ላይ ሆኖ እንደ ተኮሰ ጠየቀ። ባንታምላክ እስከ ሾዋክ ድረስ ደስ ብሎት የሄደው በዚህች ጥያቄ ነው።

ሾዋክ ደርሰው ሰፈሩን ሲጠይቁ አንዲት ሴት በጣቷ አመለከተቻቸው። ወደ አመለከተችው ቤት ሲጠጉ ደጃፉ ላይ ሸራ ተወጥሯል፤ ከሥሩ ወንዶች ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከጓሮ በኩል የሴቶች ልቅሶ ይሰማል። ዘመኑ ቆመ። ባንታምላክ ጥቂት ከሄደ በኋላ እሱም ቆመ። ጆንያው ከትከሻው ወረደ።

«ዓርብ ጠዋት አረፉ» አላቸው ከሸራው ሥር የተነሣ አንድ ሽማግሌ። መኣሾ ይባላል፤ የክንፈ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ አማርኛውን በትግርኛ ለዛ ነው የሚናገረው። «ዛሬ ሣልስቱ ነው። እናንተ ከወዴት ናችሁ?»

ጆንያውን የፈታው ዘመኑ ነው። ቀንዶቹ ብቅ ሲሉ ከምንጣፉ ላይ ጉርምርምታ ተሰማ፤ አንዱም ሮጦ ወደ ጓሮ ገባና የክንፈን ልጅ ሰሎሜን ጠራት። ጥቁር ቶብ የለበሰች፣ ዓይኖቿ ያበጡ ሴት ናት። ቀንዶቹን አይታ ባንታምላክን አየችው።

«አያ ባንታምላክ እርስዎ ነዎት» አለች። «ሐሙስ ቀኑን ሙሉ በር በሩን ሲያይ ዋለ።»

ባንታምላክ መሬቱ ላይ ተቀመጠ።

ሰሎሜ ከፊቱ ተንበርክካ፣ እጁን ይዛ፣ ሌላው ሁሉ እየሰማ ነገረችው። «'አልመጣም?' ይለኛል። 'እሑድ ይመጣል፣ ሥራ ይዞት ነው' እለዋለሁ። ወደ ማታ ሲደክም 'እሑድን አልደርስባትም፤ ጎረቤቶቼን ጥሪልኝ' አለ። እነ አያ መኣሾ መጡ። ጭራውን ከሣጥን አውጥተን በእጁ አስያዝነው። 'ባንታምላክ ብርሁ የጓንጉን አጋዘን ባንድ ጥይት ገድሏል። ሦስት ቀን ተከትሏል። ውሃ አልቀመሰም። እውነት ነው' አለ። ጭራውንም እኔ እጁን ደግፌለት ከፍ አደረገው። ኻላስ፣ ከዚያ ወዲህ አልተናገረም።»

«ውሃ አልቀመሰም አለ?» አለ ባንታምላክ።

«አለ። ደግሞ ቀደም ብሎ ምን አለኝ፣ 'አንዲት ቃል ናት ያን ጊዜ ያቃተችኝ። ታቦት ፊት አልወጣ አለችኝ። አሁን ግን ለማን ብዬ እይዛታለሁ፤ ደስ ይበለው' አለኝ። የትኛዋ ቃል ናት ብዬ ብጠይቀው አልነገረኝም። እርስዎ ያውቃሉ?»

ያውቃል። እንዳላወቀ ሆኖ አርባ ስድስት ዓመት ኖረ እንጂ ያውቃል። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ኮዳው ውስጥ የቀረው አንድ ጉንጭ ውሃ ነበር። አጋዘኑ ከጥሻው ማዶ ቆሟል፤ የባንታምላክ እጅ ግን በጥም ይንቀጠቀጣል፤ አፈ ሙዙ አልረጋ ብሏል። ክንፈ የራሱ ከንፈር ተሰንጥቆ ደም አርግዟል። ኮዳውን ከፍቶ፣ «አንተ ጠጣው። እጅህ ይርጋ» አለው። ጠጣው። እጁ ረጋ። ተኮሰ። አጋዘኑ ሲወድቅ ክንፈም አብሮ ወደቀ፤ ባንታምላክ አሸዋ ቆፍሮ ውሃ እስኪያገኝለት ድረስ ራሱን አያውቅም ነበር። በኋላ ፉከራውን ሲገጥም ግን፣ ውሃ ጠጥቶ ገደለ ከማለት ውሃ ሳይቀምስ ገደለ ማለቱ አማረው። ቤቱን ለማስመታት ብሎ አንዲት ስንኝ አሳመረ፤ በዚያች ስንኝ የጓደኛውን ስጦታ አጠፋት። ክንፈም ታቦት ፊት ቆሞ እውነት ነው ሊል አልሆነለትም። ቅናት አልነበረም። ውሃውን ቢያነሣለት ኖሮ ጭራውን ከማንም በላይ ከፍ ያደርገው ነበር።

ባንታምላክ አለቀሰ። ሰዎቹ ለክንፈ የሚያለቅስ መሰላቸው፤ ደግሞም ለእሱ ነበር። ቆይቶ ዱላውን ተመርኩዞ ተነሣ። በአገሩ ሥርዓት ለሟች መፎከር ያለ ነውና ማንም አልተገረመም፤ ምንጣፉ ላይ የነበሩትም ቦታ ለቀቁለት።

ዘራፍ የብርሁ ልጅ፣
ሦስት ፀሐይ ሙሉ፣ ዱካ ተከትዬ፣
የክንፈን ውሃ ጠጥቼ፣ ጥሙን ለሱ ጥዬ፣
ባለ ጥምዝ ቀንዱን፣ የጓንጉን ጌታ፣
ባንድ ጥይት ጣልሁት፣ ብቅ ሲል ላንዳፍታ።

ወደ ቀኙ ዞረ። ሸራውን ያቆመው እንጨት ብቻ ነበር እዚያ ያለው።

«እውነት ነው የምላችሁ። ውሃ ጠጥቻለሁ። የሱን ድርሻ ነው የጠጣሁት» አለ።

መኣሾ ተነሥቶ ክንዱን ያዘና አስቀመጠው። «ወንድመይ፣ እግዚሔር ይስጥልን፤ ሟችን አከበርኽልን» አለ። «ግን ክንፈ ነፍሱ ልትወጣ ስትል ውሃ አልቀመሰም ብሎ መስክሮልሃል። እኔ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያንተን ክብር ለሱ መስጠትህ የወንድምነትህ ነው፤ ቃሉን ግን አናጥፍበት።»

ሰሎሜም፣ «አባቴ ሐሰት ተናግሮ አይሞትም፣ ወላሂ» አለች፤ አለችና መልሳ አለቀሰች። ባንታምላክ አባትሽ ዋሽቶልኝ ነው የሞተው ብሎ እንዴት ይንገራት?

ሲመሽ ቀንዶቹን ለእሷ ትቶላት ወጣ። እሷም፣ «እንግዲህ ምስክርነቱን ስለ ሰጠ የርስዎ ነው» ብላ በጨርቅ የተጠቀለለውን ጭራ ሰጠችው። ደርቆ እንጨት የሆነ፣ ጫፉ ላይ ጥቂት ጥቁር ፀጉር የቀረው፣ ከመዳፍ ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው።

በሳምንቱ ዶካ ላይ፣ ከሥራ መልስ፣ ሠራተኞቹ ራኩባው ሥር ተሰበሰቡ። ዘመኑ የሾዋኩን ነገር ለሁሉም አውርቶላቸው ነበርና ባንታምላክ ካልፎከረ ብለው ወጠሩት። እንቢ አለ። እንቢ ማለቱ ሲበዛባቸው ግን ተነሣና ፎከረ፤ አዲሱን ነው የፎከረው። «የክንፈን ውሃ ጠጥቼ» ሲል ሠራተኞቹ ተያዩ። የሚወዷት ስንኝ ጠፍታባቸዋለች።

ያን ጊዜ ዘመኑ ብድግ ብሎ ጎጆው ገባ። ቀንዶቹ የነበሩበት ሽቦ ላይ የተንጠለጠለውን ጭራ ይዞ ወጣና በባንታምላክ ቀኝ ቆመ። ፊቱ በደስታ በርቷል፤ ለዚህ ሽማግሌ ውለታ መዋሉ ነው።

«አያ ባንታ ለሟች አዝነው ነው እንዲህ የሚሉት» አለ። «እኔ ሾዋክ ሄጄ ቃሉን ሰምቻለሁ። ሦስት ቀን ተከትለዋል፤ ባንድ ጥይት ጥለዋል፤ ውሃም አልቀመሱም።» ጭራውን ከፍ አደረገ። «እውነት ነው።»

ሠራተኞቹ አጨበጨቡ። አንዱ ተነሥቶ በኩባያ ውሃ ቀድቶ ለሽማግሌው አቀበለው። ባንታምላክ ኩባያውን በሁለት እጁ ይዞ ቁጭ አለ፤ ሰዎቹ ሌላ ወሬ ጀምረው እስኪበተኑም ድረስ አልጠጣውም።